ከሥዕሉ ጀርባ የነበሩት መስመሮች

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ቢሮው ኬክ ቆረጠልኝ። ጁባ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው አዲሱ ኃላፊ ተነሡና «አቶ ከድር ይህን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ አንድም መረጃ ጠፍቶባቸው አያውቅም» ብለው ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበ። የሥራ ባልደረባዬ ኛንዴንግ ብቻ እጇን አጣምራ ከጥግ ታየኝ ነበር። እኔም የተሸለምኩትን ሰዓት አጥልቄ፣ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሰውየው ምንም አላጠፉም፤ የነገሯቸውን ነው የተናገሩት። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ተቀምጬ የምጽፈውም ያን ዝምታ ለመስበር ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት መጋዘን ድርጅት፣ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኜ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ መኪናዎቹን ወደ ምድር ቤት አወረዷቸውና እኔን ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጡኝ። እዚያ ጋሽ ደምሴ እጅ ላይ ወደቅሁ።

ጋሽ ደምሴ ቀጭንና ቁጡ ነበሩ፤ በጋ ከክረምት ኮት አይለያቸውም። ኮምፒውተሩ በርቶ ሲነሣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጩ ጽሑፍ መውረድ ሲጀምር እያንዳንዱን መስመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ከእኛ አንዱ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ጠጋ ካለ «እጅህን ሰብስብ!» ነው። በፍጥነት ያለፈውን መስመር ወደ ኋላ መልሰው ያነቡታል እንጂ አይዘሉትም። እኛ ወጣቶቹ ከጀርባቸው እንስቅ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ሲነሣ የሚያወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሳስ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ምንም ያልሆነውን ማሽን መጻፍ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ጎረቤትህ ሁልጊዜ ጠዋት የሚያስል ከሆነ ሲያስል ትደነግጣለህ?»

«አልደነግጥም።»

«ያላሳለ ቀን ግን በሩን ታንኳኳለህ። ሳሉን ካላወቅህ በምን ታንኳኳለህ?» አሉና እርሳሱን ሰጡኝ። «አብዛኛው ማስጠንቀቂያ ጉዳት የለውም። አትፍራው። አፉን ግን አትያዝበት።»

ያን ደብተር የመያዝ ልማድ ከእሳቸው ወረስኩ፤ እስከ ጁባም ይዤው መጣሁ። ጁባ የመጣሁት ልጆቼ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ነው። ስለ ደመወዙ ይህን ብቻ ልበል፤ ሦስቱንም አስተምሮልኛል። ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር፣ ዘይትና ስኳር በጅምላ ከሚሸጥ የአገሬ ልጅ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቢሮዬ ጀበል፣ ከተራራው ሥር ነበር።

መሥሪያ ቤታችን በጦርነት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። ሰዎች ይመጡና ኛንዴንግ ፊት ተቀምጠው ማንን እንዳጡ፣ የት እንዳጡ፣ በማን እጅ እንደቀረ፣ ምን ምልክት እንዳለው ይናገራሉ። እሷ ትጽፋለች፤ ጽሑፉ እኔ ወደምጠብቀው ሰርቨር፣ መዝገቡን ሁሉ ወደያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ይገባል። ከድንበር ማዶ ካምፖች የሚመጣው ስም ከዚያ ጋር ይመሳከራል። በወረቀት መጻፍ ክልክል ነበር። በየኬላው ፍተሻ ባለበት አገር የማን ልጅ የት እንዳለ የሚናገር ወረቀት ሰው ያስገድላል።

ኛንዴንግ ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ከሰላም በኋላ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች ሴት ናት። አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ ይፈስሳል፤ ወደ ኑዌርኛ የምትዞረው ስትናደድ ብቻ ነው። እኔ ብዙ ኑዌርኛ ሰምቻለሁ።

መብራታችን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከከተማው መስመር ወደ ጄኔሬተር ይቀያየራል። ሰርቨሩን ለእነዚያ ጥቂት ሰኮንዶች ሊይዘው የተገዛውን ባትሪ ሙቀቱ ቶሎ ገደለው፤ ስለዚህ በቀየሩት ቁጥር ማሽኑ ድርግም ይላል። ሲነሣ ታዲያ ነጩ ጽሑፍ ይወርዳል፦ በአግባቡ አልተዘጋሁም፤ ዲስኩ ቢመረመር ይመረጣል፤ ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ እያስመለስኩ ነው። የማያውቅ ሰው ካየው ልቡ ትቆማለች። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ማሽኑ አንድ ነገር ከመሥራቱ በፊት ሊሠራ ያሰበውን በማስታወሻው ይይዛል። ድንገት ቢጠፋ፣ ሲነሣ ማስታወሻውን ያነብና የጀመረውን ይጨርሳል። ያ ሁሉ ጩኸት ሥራውን እየሠራ መሆኑን መናገሩ ነው።

ከመስመሮቹ አንዱ በእንግሊዝኛ «ወላጅ አልባውን እያጠፋሁ ነው» ይላል። ሰው የሰረዘው፣ መብራት ስለቀደመው ግን ያልተጠረገ ፋይል ማለት ነው። ይህን የጠፉ ልጆች ለሚፈለጉበት ቢሮ አስረዳ እስቲ! ኛንዴንግ መጀመሪያ ያነበበችው ቀን ጮኸች፤ የበሩ ጠባቂ ዋኒ ሮጦ ገብቶ ሶኬቱን ነቀለው። ማሽኑ ገና እየተነሣ ሳለ ስለተነቀለ በሚቀጥለው አነሣሡ ጽሑፉ እጥፍ ሆነ። ዋኒም «ካላስ፣ አለቀ፤ ገደልነው» ብሎ ደረቱን መታ። ነገሩን ለማስረዳት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀሁ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሳምንቱ ዋኒ ደግሞ ነቀለው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኖርን። እሑድ ከቤቴ እየጠሩኝ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር አቧራ ጠጥቼ ስደርስ ማሽኑ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከውጭ ትልልቅ ለጋሾች ሊጎበኙን መጡ። ክፍሉን ሲያዩ መብራት ተቀየረ፤ ነጩ ጽሑፍ በፊታቸው ወረደ። አንዷ እንግዳ አፏን ያዘች። ያኔ ኃላፊያችን ግሬስ የምትባል፣ ከናይሮቢ የመጣች ሥርዓት ያላት ሴት ነበረች። እንግዶቹ ሲሄዱ «ከድር፣ ይህ ነገር ሰው ያስፈራል። ሊስተካከል አይችልም?» አለችኝ።

ያኔ ባትሪ ግዙልኝ ማለት ነበረብኝ። ስክሪኑን እንኳ ወደ ግድግዳ ማዞር ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰልችቶኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። ተቀምጬ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ቃል ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲነሣ ጽሑፉ ሁሉ ተሸፍኖ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ብቻ ይታያል፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች። ሁሉም ደስ አላቸው። ዋኒ ሰላምታ ሰጠኝ። ግሬስ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አመሰገነችኝ። እኔም ራሴን እንደ ብልህ ቆጠርኩት፤ ደብተሬንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የጋሽ ደምሴ ምክር ትዝ ብሎኝ ነበር። ጁባን አያውቋትም አልኩና አለፍኩት።

ስድስት ወር ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ጄኔሬተሩን በሌላ ሲተኩት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ገባና የሰርቨሩ ዋና ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ ቀረ። ግሬስ ፊቷ ገረጣ። እኔ ግን ኮራ ብዬ «አትጨነቂ፣ ቅጂ አለን» አልኳት። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሰዎቹ ቃል ወደ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገለበጥ አድርጌ ነበርና። ሁለተኛውን ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የመጨረሻው ቅጂ የስድስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው።

ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት።

የሆነውን ያወቅሁት በማግስቱ፣ አዲስ ዲስክ አስገብቼ፣ ሁለተኛውንም በቀድሞ ገመዱ ሰክቼ፣ ሥዕሉን አንሥቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መስመሩን አንድ በአንድ ሳነብ ነው። የሁለተኛው ዲስክ ገመድ ላልቶ ኖሯል። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር «የቅጂውን ዲስክ አላገኘሁትም፤ ያለ እሱ እቀጥላለሁ» ይላል። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከተጨባበጡት እጆች ጀርባ ይህን ሲናገር ነበር። ቅጂውም አልተቋረጠም፤ ሁለተኛው ዲስክ ስለሌለ በዚያው በዋናው ዲስክ ላይ፣ በዚያው ስም ባለ አቃፊ ውስጥ ሲገለበጥ ቆየ። ትርፍ ቁልፍ አስቀርጾ ከዋናው ጋር በአንድ ማንጠልጠያ እንደሚይዝ ሰው ማለት ነው። የሞተውን ዲስክ ናይሮቢ ላክነው፤ አይሆንም ብለው መለሱልን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው፤ ለእንግዳ ዓይን ስል የቤቱን ነገር ጣልኩት።

የጠፋው የአርባ አንድ ሰው ቃል ነው። ኛንዴንግ ከሰማች በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። ያን ቀን ኑዌርኛም አልመጣላትም። እኔም መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ማታ ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። ካረጁ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። እየጮህኩ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር።

«አፉን ያዝክበት» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እሺ። ማሽኑ የማያውቀውን ማን ያውቃል? ሰዎቹ በየት ገቡ?»

«በበር ነዋ።»

«በሩ ላይስ ማን አለ?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ዋኒ! ዋኒ በሩ ላይ ደብተር ነበረው፤ የገባውን ሰው ስም፣ ሰፈርና ሰዓት ይጽፍበታል። ጉዳያቸውን አይጽፍም፤ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግን አርባ አንዱም ነበሩበት። ግሬስ በአንድ እጇ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ በሌላው ለአንድ ወር ከቢሮ ውጭ የምሠራበትን ፈቃድ ሰጠችኝ። ሁለቱም ይገባኝ ነበር። ኛንዴንግ «ብቻዎን ሄደው በየትኛው ቋንቋ ሊያወሩ ነው?» ብላ ላፕቶፑን በጀርባዋ አዝላ ተከተለችኝ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች «መረጃውን ለማደስ ነው» አልናቸው። ሦስተኛዋ ጀበል ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ግማሹን ከተናገረች በኋላ ቆም አለችና «ይህን አንድ ጊዜ አልቅሼ ነግሬሽ ነበር። ለምን ሁለት ጊዜ ታስለቅሺኛለሽ?» አለቻት። ኛንዴንግ ወደ እኔ ዞረች። እኔም በዚያች በተሰባበረች የጁባ ዓረብኛዬ «ጠፍቶብን ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ሚዛኗን ወደ ጎን አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እውነቱን ነገርናቸው፤ ወደ ሁለቱም ተመልሰን ነገርናቸው። የተሳደበ አለ። በር የዘጋብንም አለ፤ በነጋታው ስንመለስ ከፈተ። አንድ ሽማግሌ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብለው ከበፊቱ የበለጠ ነገሩን። ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ሱሪያችንን ጠቅልለን በእግር ሄድን። ቦዳ ነጂው «ሐጂ፣ ከዚህ ወዲያ ጭቃ ነው» ሲለኝ ወርጄ እራመዳለሁ። በወሩ መጨረሻ አርባ ሰው ተጻፈ።

የቀሩት አንድ ነበሩ፤ በዋኒ ደብተር ላይ «ላዶ፣ ረጃፍ» የተባሉ። ሁለት ጊዜ ሄደን ቤታቸውን አላገኘነውም። በሦስተኛው አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ ወንዙ ዳር ወዳለ ግቢ መራን። ፖኒ የምትባል ልጃቸው፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት፣ ማሽላ ስታበራይ አገኘናት። አባቷ ከሞቱ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር።

ምንጣፍ አነጠፈችልን፤ ውሃ ሰጠችን። የጁባ ዓረብኛ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቢሆንም ስትናገረኝ ዓይኗን ዝቅ እያደረገች ነው።

«ወደ እናንተ የመጣ ቀን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «በሽታው ጠንቶበት ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ 'ጽፈውታል፤ ከእንግዲህ ሸክም የለብኝም' አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አላወራም። በሰላም ነው የሄደው።»

እሷ የተባለችው የመጨረሻዋ ልጃቸው ኬጂ ናት። በሽሽቱ ጊዜ አባትየው እግራቸው ቆስሎ መራመድ ሲያቅታቸው፣ ሕፃኗን መንገድ ላይ ወደ ድንበር ለሚያልፍ ሰው ሰጥተዋት ነበር። እሳቸው ተርፈው ተመለሱ፤ እሷ አልተመለሰችም።

ፖኒ ውሃውን አስቀምጣ «ተገኘች እንዴ?» አለችኝ።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ጥያቄ የከበደችኝ የለም። «አልተገኘችም። አባትሽ የነገሩን ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ በዚያችው ዓረብኛዬ። ኛንዴንግ ልታስተረጉም አፏን ከፈተች፤ አላስፈለገም።

ፖኒ ተነሥታ ወደ ጎጆው ገባች። በቃ፣ አበቃ ብዬ ለመነሣት ሳስብ ተመልሳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጻፉ» አለች። «እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር፤ የሰማሁትን እናገራለሁ።»

ተናገረች። የልጅቷን ስም፣ በግራ ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ፣ የተለያዩበትን የመንገድ መገንጠያ፣ ለብሳው የነበረውን የእናቷን ጨርቅ። ኛንዴንግ ጻፈች። «ልጅቷን የተረከበው ሰው ስም» ወደሚለው ስትደርስ ጠየቀቻት።

«እሱን አልሰማሁም» አለች ፖኒ። «አባቴ ያን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለእኛ ነግሮን አያውቅም፤ ሰጠኋት ማለት ያሳፍረው ነበር። የነገረው ለእናንተ ብቻ ነው።»

ኛንዴንግ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ስም በጆሮዋ ሰምታ በእጇ የጻፈችው እሷ ነበረች፤ በዚያ ሳምንት ግን የስንቱን ስም ጽፋለች! ሦስት ቀን አሰበች። የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለየች። አልመጣላትም። እኔም በረጃፍ በኩል በዚያ ዘመን ወደ ድንበር ያለፉትን ሰዎች እያጠያየቅሁ ሁለት ሳምንት ዞርኩ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቅጹን ልንዘጋ ቢሮ ተቀመጥን። ፕሮግራሙ ያንን ቦታ ባዶ ትቶ ማለፍን አይፈቅድም።

«አይታወቅም ልበል ጋሼ?» አለች ኛንዴንግ። «ሌላው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«ይታወቅ ነበር እኮ።»

ወንበሯን ለቀቀችልኝ። በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ጻፍኩት፦ «አባትየው ስሙን ነግረውን ነበር። ያጠፋነው እኛ ነን። ከድር፣ የሰርቨሩ ኃላፊ።» ፕሮግራሙ ያልተለመደ መልስ ሲያይ መዝገቡን በቀይ ያቀልመዋል፤ በየጠዋቱም ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ ያወጣዋል። ኛንዴንግ ወደ ቀዩ መስመር ጠቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄንን የከፈተ ሰው ሁሉ ይደነግጣል።»

«ይደንግጥ» አልኳት። «ደንግጦ ይፈልጋት።»